በግራ እጅ የተጻፉ ደብዳቤዎች

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት መቀስ የሚሏት ልብስ ሰፊ የሰው ሙሽራ ቬሎ አበላሸች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትቆርጥ አንድ ስንዝር ጨርቅ ያላባከነች ልጅ፣ ያን የመሰለ ነጭ ሐር ዘርግታ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጋ ቆረጠችው።

እናቷ፣ የሱቁ ባለቤት፣ እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ሙሽራዋ ቀኝ እጅ የላትም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ? ዓይንሽን ጨፍነሽ እንኳ አትሳሳቺም። ምን ሆነሻል?»

ምን እንደሆነች ብትነግራት ሱቁ በላያቸው ይደረመስ ነበር። መቀስ ቀንታለች። እንዲያው ለወጉ ያህል መቅናት አይደለም፤ እህል ውሃ የሚያስጠላ፣ አንጀት የሚያሳርር ቅናት ነው የያዛት። መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት በሙያዋ ነው የሚሉ አሉ፤ በምላሷ ነው የሚሉም አሉ። ከሐሙስ ጀምሮ ግን የምትቆርጠው የገዛ አንጀቷን ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ፣ የጸሎት ኅብረታቸው ውስጥ አዲስ የገባችው ነርስ ቤት በር ላይ አየቻቸው። ከእናቷ ደብቃ የምትወደው ቧንቧ ሠራተኛ እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ ብሏል፤ ነርሷ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች ታስታጥበዋለች፤ እሱ ይስቃል። መሳቁስ ባልከፋ። የሳቀው ግን ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ለቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ያን ሳቅ ደግሞ መቀስ የግሏ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። ነርሷ ፎጣ ስታቀብለው ጣታቸው ተነካካ። መቀስ ከቆመችበት ማዶ ሆኖ ይህን ማየት አይቻልም፤ እሷ ግን አየሁ ብላ ትምላለች።

ነርሷ ወደ ቤት እስክትገባ ጠበቀችና መንገዱን ተሻገረች።

«ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ!» አለችው።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጥፍት አለ። «ምን?»

«ሰምተኸኛል። አንድ መስመር እንዳትጽፍልኝ።»

ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ አያት። ድምፁ ሲወጣ ሻክሮ ነበር። «ማነው የሚጽፍልሽ?»

«ደግሞ ማነው ይለኛል!» ብላ ጥላው ሄደች። ሲያላግጥባት መሰላት። ዞር ብላ ብታየው ኖሮ፣ የሚያላግጥ ሰው እንደዚያ ደሙ ከፊቱ እንደማይሸሽ ይገባት ነበር። ቅናት ግን አንገት አያዞርም።

ይህን ሰው የምታውቀው ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሱቁ ጓዳ ውስጥ ያለው መታጠቢያ ማፍሰስ ሲጀምር እናቷ በጀርባ በር አስገባችው። ያን ዕለት መቀስ አፏ ውስጥ ስድስት ስፒል ይዛ የሰው ቁመት ያላትን የቬሎ ማሳያ አሻንጉሊት ቀሚስ ወገብ ታስተካክል ነበር።

«ስትስቂ አትውጪያቸውም?» አላት ከመታጠቢያው ሥር ሆኖ።

«አልስቅም» አለችው፣ ስፒሎቹን በጥርሷ እንደያዘች።

«እንግዲያው እስክትስቂ ይሄ ቧንቧ አይሠራም።»

የሁለት ሰዓቱን ሥራ ሦስት ቀን አስፈጀው። በሦስተኛው ቀን ሳቀች፤ ስፒሎቹም መሬት ላይ ተበተኑ፤ ሁለቱ ተንበርክከው ሲለቅሙ ግንባራቸው ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሱቅ ቧንቧ በየሳምንቱ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ ከእናቷ በቀር ያልገባው ሰው አልነበረም። እናቷ «ቧንቧው መጣ?» እያለች ስትጠይቅ ዕቃውን ይሁን ሰውየውን መለየት ያስቸግር ነበር። ለልጇ ያሰበችው የጨርቅ አስመጪውን ልጅ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ መቀስም አፍራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እወድሃለሁ ስትለው ኖራ አንድም ቀን በፊት ለፊት በር አስገብታው አታውቅም።

በገሃድ አብረው የሚቀመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም ከዘጠኝ ሰው ጋር። እናቷ የጓዳውን ክፍል ለሰፈሩ የጸሎት ኅብረት ለቃለች፤ ራሷ ግን ፊት ለፊት ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ኅብረቱን የሚመሩት አባባ ፖስታ ናቸው፤ አርባ ዓመት ደብዳቤ አድለው ጡረታ የወጡ። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ሥራውን አልተዉትም። በየሦስት ወሩ ሁሉም በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና የድሮ የፖስተኛ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጥላል። ከዚያ አንድ አንድ ዕጣ ይነሣል። የደረሰህን ሰው ለማንም ሳትናገር ሦስት ወር ትጸልይለታለህ፤ በየሳምንቱም አንድ ደብዳቤ ትጽፍለታለህ። የእጅ ጽሑፍ እንዳያሳብቅ ደብዳቤው የሚጻፈው በግራ እጅ ነው። አባባ ፖስታ ተቀብለው ያደርሳሉ፤ ትንፍሽ እንኳ አይሉም። በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ይገለጣል።

ባለፈው ዕጣ ቀን መቀስ አንድ ተንኮል ሠርታለች። ስሟን የጻፈችበትን ወረቀት አጣጥፋ ባለ ነጭ ጭንቅላት ስፒል ሰካችበት። ቧንቧ ሠራተኛውን መታጠቢያው ጋ አገኘችውና በጆሮው «የምትወጋህን አንሣ» አለችው። እሱም ሳቀ።

አባባ ፖስታ ባርኔጣውን ሲያዞሩ እንደ ልማዳቸው አሉ፤ «ልጆቼ፣ የእናንተ ሥራ እጅ ማስገባት ነው። የቀረውን ለጌታ ተዉለት። ቦታ ካገኘ ሥራ አይፈታም።» መቀስ አሜን አለች። ለጌታ የተወችለት ቦታ የስፒል ጭንቅላት የምታህል ነበረች።

ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አስገብቶ ሲያማስል፣ ሲዳብስ ቆየ፤ አወጣ። መቀስ ደስታዋን ልትደብቅ ጎንበስ አለች። አጠገቡ የተቀመጠችው አዲሷ ነርስ ከሱ ቀድማ ዕጣዋን አንሥታ ጣቷን እንደ ሕፃን ትጠባለች። መቀስ በሆዷ «ምን ዓይነት ጠባይ ነው» አለች። ከዚያ የራሷን ዕጣ ገለጠች። የደረሰቻት ነርሷ ነበረች።

ደብዳቤዎቹ ከሳምንቱ ጀምሮ መጡ። ፊደላቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፤ ቃሉ ግን ቀጥ ብሎ ልቧ ላይ ይገባል። «ሰውን ሁሉ ስታለብሺ ትውያለሽ፤ አንቺን ሲበርድሽ ማን ያውቅልሻል?» ይላል አንዱ። «ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው የምትቀመጪው፤ ቶሎ ለማምለጥ ይመስላል። አንድ ቀን መሃል ተቀመጪ» ይላል ሌላው። ስምንተኛውን በቃሏ ይዛዋለች። «ስትጸልዪ እጅሽን ጨብጠሽ ነው። የያዝሽው እንዳይወድቅ ፈርተሽ ይመስለኛል። ግን እግዚአብሔር ሌላ ነገር ሊሰጥሽ ቢመጣ፣ የት ላይ ያኑርልሽ?» እንደዚህ ልብ ብሎ የሚያያት ከሱ ሌላ ማን አለ! በእርግጥ ከዕጣው ቀን ወዲህ ሰውየው ራቅ ራቅ ብሏል፤ ካልጠሩት ወደ ሱቁ አይመጣም። ምሥጢሩን እየጠበቀ ነው አለች፤ ለዚያም ይበልጥ ወደደችው።

ለነርሷ ሦስት ደብዳቤ ጽፋላታለች፤ ደህና ደህና ደብዳቤዎች። በአራተኛው ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛው የዕቃ ቦርሳ ነርሷ በር ላይ ተቀምጦ አየች። በአምስተኛውም አየች። ከዚያ ወዲያ ግራ እጇ እርሳስ አላነሣም፤ ጸሎቱማ ከነጭራሹ ቀረ። በየቅዳሜው ነርሷ የአባባ ፖስታን ቦርሳ እያየች «ለኔ የለም?» ትላለች፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መቀስ ይህን ስታይ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን አባባ ፖስታ በር ላይ አስቀሯት።

«ልጄ፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን አርባ ዓመት አየሁ» አሏት። «እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።»

እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

እንግዲህ የመገለጫው ቅዳሜ ይህ ነበር፤ ሁለቱም እጅጌ ግራ የሆነበት። ከሰዓት በኋላ ቬሎ በለበሱት አሻንጉሊቶች መሃል ወንበር ተደረደረ። መቀስ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቧንቧ ሠራተኛው ማዶ ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ፊት ነው ያለው። ነርሷ ከጎኑ ናት። ከጎኑ መቀመጧን መቀስ መቶ ጊዜ ሳታየው አልቀረችም።

ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ተገለጡ፤ ተሳሳቁ፤ ተቃቀፉ። ከዚያ የሱ ተራ ደረሰ። መቀስ ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ሊጠራው ነው፤ ነርሷም ቁጭ ብላ ልትሰማው ነው። ደስ አላት፤ ከደስታዋ ውስጥ የሚበልጠው የነርሷ መስማት ነበር።

«ለኔ የደረሱኝ አባባ ነዎት» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«ጠርጥሬ ነበር!» ብለው ቀለዱ አባባ ፖስታ። «የራሴን ደብዳቤ ለራሴ ሳደርስ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያውም አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው አድሬያለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መቀስ ብቻ አልሳቀችም። እንግዲያው እነዚያ አሥራ ሁለት ደብዳቤዎች የማን ናቸው? ያን ሁሉ ያየባት ዓይን የማን ነው?

ነርሷ ተነሣች። ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ቀስ ብላ ፈታችና ባለ ነጭ ጭንቅላቷን ስፒል ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ዕጣዬን ሳነሣ ይቺ ወጋችኝ» አለች ወደ መቀስ እያየች፣ እያፈረች። «ስፒል ያለበት ዕጣ ያንቺ ብቻ ነው የሚሆነው ብዬ ሳቅኩ። አላውቅሽም ነበር። ቁጡ ትመስዪኝ ነበር፤ እፈራሽም ነበር። ስጽፍልሽ ስጽፍልሽ ወደድኩሽ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ስፒሏን አየ፤ መቀስን አየ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። መቀስ ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እነዚያን ደብዳቤዎች ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምታድረው። የጻፈቻቸውን ሴት ደግሞ እንቅፋት ቢመታት ደስ እንደሚላት አድርጋ ስታያት ነው የከረመችው።

«ያንቺስ፣ ልጄ?» አሉ አባባ ፖስታ። የማን እንደደረሳት እሳቸው ያውቃሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደማያውቅ ሰው ለስላሳ ነበር።

መቀስ ተነሣች። የአንዲቱን አሻንጉሊት ትከሻ ያዘች።

«ለኔ የደረሰችኝ እሷ ነች» አለች። «ሦስት ጻፍኩላት። ከዚያ ቀናሁባት። ቀንቼ ተውኩት። መጻፉንም መጸለዩንም።»

የነርሷ ዓይን በእንባ ሞላ።

«አንቺ ነሽ?» አለች። «እኔ እኮ ታማ ይሆናል፣ ሥራ በዝቶባት ይሆናል እያልኩ...» ዓይኗን በመሐረቡ ጠረገች። «እናቴ ዓይኗ አያይም፤ ከአልጋም አትወርድም። ሦስቱን ሳነብላት እንዴት እንደተደሰተች! ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣ? እያለች ትጠብቀኛለች። ቀረ ብዬ ልነግራት አልቻልኩም። ላንቺ የምጽፈውን ነበር ለኔ የመጣ አስመስዬ የማነብላት።»

መቀስ እንደ ተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ዘጠኝ ቅዳሜ! ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር ሰምታ አታውቅም።

«ዛሬም ትጠብቃለች?» አለች በመጨረሻ።

«መቼ ቀርታ ታውቃለች።»

መቀስ የጨርቅ ምልክት ማድረጊያ እርሳሷን አነሣች፤ በግራ እጇ ያዘችው፤ ክፍሉ መሃል ያለው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ በሰው ፊት መጻፍ ጀመረች። አባባ ፖስታ ምልክት ሰጡ፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ነርሷ ብቻ ከበላይዋ ቆማ ቀረች።

«አልተቀየምኩሽም ብል ውሸት ነው» አለች ነርሷ። «ግን ቤት ነዪና ለእናቴ ራስሽ አንብቢላት። እቀድምሻለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ሰው የእናቴ አልጋ ድረስ ቧንቧ እየዘረጋላት ነው፤ እዚያው ሆና እንድትታጠብ። ደስ የሚል ሰው ነው፤ እኔም ዓይን አለኝ፣ አልዋሽሽም። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ የሚያወራው ስፒል በአፏ ይዛ ስለማትስቅ አንዲት ሴት ነው። ያን ዕለት የሳቀውም ባንቺ ነገር ነው።»

ነርሷ ወጣች። ቧንቧ ሠራተኛው ተመልሶ ገብቶ መታጠቢያው ጋ ቆሟል፤ ያልተበላሸውን ቧንቧ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሁሉንም ዕጣ ዳበስኩ» አለ ሳይዞር። «አንድም የምትወጋ አልነበረችም። ሐሳቧን ቀይራ ስፒሏን ነቅላታለች ብዬ ተቀበልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ተቀብዬው ስኖር፣ ሐሙስ ዕለት እንዳትጽፍልኝ አልሽኝ። የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው እንዳለ ያኔ አወቅኩ። ቅናት ላንቺ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስልሽ።»

«ስለ ቧንቧው ለምን አልነገርከኝም?»

አሁን ዞረ። «በጀርባ በር የሚገባን ሰው፣ ዛሬ የት ዋልክ ብሎ ማን ይጠይቀዋል?»

ንግግሩ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው አጥንቷ ድረስ የዘለቀው። መቀስ የጻፈችውን አጣጥፋ ያዘች፤ በሌላው እጇ ክንዱን ያዘችው።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ስወድህ ግን ደብቄ ነው። የደበቅኩትን ሰው ይወስዱብኛል ብዬ ቀን ከሌት ስባንን ኖርኩ። ና፣ እንውጣ።» ወደ ጀርባ በር ሲዞር ጎተተችው። «በዚህ አይደለም።»

ፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ከነእናቶቻቸው ተቀምጠዋል። እናቷ ሁለቱን ግራ እጅጌዎች ይዛ መብራት ሥር ቆማለች። መቀስና ቧንቧ ሠራተኛው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲወጡ ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«ቧንቧው ተበላሽቶ ነው?» አለች እናቷ፣ ዓይኗ ክንዳቸው ላይ ሆኖ።

«አልተበላሸም፣ እማዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተበላሽቶ አያውቅም።»

እናቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የተከፈለበትን ጥገና ሁሉ ስታስብ ይሁን ሌላ፣ ፊቷ ብዙ ቀለም ለዋወጠ። በሩ ጋ ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

«ሊዘንብ ነው። ዣንጥላዋ እዚያ ናት። ስትመለሱ እንነጋገራለን፤ አልቀረልሽም!»

የነርሷ እናት ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነበረች። ከአልጋው ራስጌ አዲሱ ቧንቧ ከግድግዳው ብቅ ብሏል፤ የቀረው ጫፉን ማጥበቅ ብቻ ነው። አሮጊቷ የእግር ኮቴ ሰምተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«መጣ?»

«መጣ፣ እማዬ» አለች ነርሷ። «ጸሐፊዋ ራሷ ይዛው መጣች።»

መቀስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘረጋች።

«እህቴ፣» ብላ አነበበች፣ «ዘጠኝ ቅዳሜ ባዶ እጅሽን መልሼሻለሁ። የቀናሁብሽ አንድ ሰው እንዳትወስጂብኝ ነው። አንቺ በዚያው ጊዜ እኔን ለራሴ ስትሰጪኝ ነበር የከረምሽው። ጌታ በስፒል የዘጋሁበትን በር ትቶ ባንቺ በኩል ገባ። ይቅር በዪኝ። የቀሩትን ዘጠኝ እጽፋለሁ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ከሦስቱ ወዲህ የተነበቡልኝ የማን እንደነበሩ አውቃለሁ፣ ልጄ። የወለድኳትን ልጅ አነጋገር አጣለሁ እንዴ?»

ነርሷ በድንጋጤ አፏን ያዘች።

«ለማን እንደምትጽፍ ግን አላወቅኩም» አሉ አሮጊቷ። «ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ፣ እጇን ጨብጣ የምትጸልይ አንዲት ሴት እንዳለች ነው የገባኝ። አሳዘነችኝ። ሌላ ሥራ የለኝ፤ እዚሁ ተጋድሜ፣ ጌታ ሆይ እጇን አላላላት ስል ነው የከረምኩት። አንቺ ነሽ?»

የመቀስ እንባ ነው የመለሰላቸው። አሮጊቷ እየዳበሱ እጇን አገኙት። ጭብጥ እንዳለ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈቱላትና መዳፏን በሁለት እጃቸው መሃል አስገቡት።

ከራስጌው ውሃው ተንቧቧ። ቧንቧ ሠራተኛው ፊቱ ላይ ተረጨበትና ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ለቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ነርሷም እየሳቀች ፎጣ አቀበለችው። መቀስ አየቻቸው። ልቧን ቆንጠጥ አደረጋት፤ እጇን ግን አሮጊቷ ይዘውት ስለነበር ልትጨብጠው አልቻለችም።